ሳይለብስ የሚታይ ወንበር

አጎቴ መሞቱን የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ነው። ከቤት ስወጣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ፣ ስኳሩ አንሷል አላነሰም እያለ ከሚስቱ ጋር ሲከራከር ነበር የተውኩት። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተራ ይዤ፣ ከፊቴ የቆሙት ሰዎች ዳቦው ዋጋው ሲጨምር መጠኑ ለምን እንደሚቀንስ ሲያጉረመርሙ እየሰማሁ ሳለሁ፣ አጠገቡ ካለው የቤት ዕቃ መደብር ደጃፍ ላይ የሽያጭ ሠራተኛው ለአንዲት ትልቅ ሴት ለሐዘን በሚሆን ድምፅ ሲናገር ጆሮዬ ገባ። "ወንበር አዳሹን ነው? እሳቸውማ ሞቱ እኮ እናቴ። ከሞቱ ቆይተዋል። አሁን እድሳቱን የምንሠራው እኛ ነን፤ ያስገቡት።" ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከኋላቸው አንድ ባለጋሪ፣ ክንዱ የተላጠ የድሮ ባለመደገፊያ ወንበር በገመድ አስሮ ጭኖ፣ ፀሐይ እየመታው ቆሟል።

ያ መደብር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአጎቴ ሱቅ ነበር። ኪራዩ አልቀመስ ሲለው ከአራት ወር በፊት ለቅቆ ሥራውን ወደምንኖርበት ግቢ አስገባው፤ ቤቱን የቤት ዕቃ ነጋዴው ተከራየው። እዚያው ቆሜ "ውሸት ነው" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቃል ቶሎ የማይመጣልኝ ሰው ነኝ፤ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ፣ የምለው ነገር ትዝ የሚለኝ ሰዉ ተበትኖ ሲያልቅ ነው። ደግነቱ ሴትዮዋ "ነፍሱን ይማር" አሉና ወንበሩን ሳያስገቡ ባለጋሪውን በእጃቸው ምልክት መለሱት። ዳቦዬን ይዤ ተከተልኳቸው። የመጀመሪያውን መንገድ ትንፍሽ ሳልል ጨረስነው፤ ሁለተኛው ላይ ጋሪው ጉድጓድ ገብቶ ሲቆም ነው "እማማ፣ አልሞተም" ያልኩት።

"ማን?"

"አጎቴ። ወንበር አዳሹ። ሻይ እየጠጣ ነው።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "እኔ ነፍስ ይማር ብዬ ጨርሻለሁ እኮ" አሉ፣ ደረሰኝ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ዕቃ መልሱ እንደተባለ ሰው። ባለጋሪው ላቡን በክንዱ ጠረገና "ታዲያ ወዴት ነው? ወደ ሟቹ ነው ወይስ ወደ ቤት?" ሲል፣ ትንሽ አሰቡና "ወደ ሟቹ" አሉት።

ግቢያችን ለመድረስ ጎማ ጠጋኙን አልፎ፣ በማተሚያ ቤቱ ጀርባ ዞሮ፣ አረንጓዴ ቀለሙ የተላጠ የቆርቆሮ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። የማያውቅ ሰው አያገኘውም፤ የሚያውቅም ይጠፋበታል። በግራ በኩል የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች፣ በቀኝ በኩል ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የሌለው የሥራ ቦታ አለ። ከጣሪያው ሥር ስድስት ወንበሮች የሽቦ ሞላቸውና ጆንያቸው እየታየ ራቁታቸውን ተደርድረዋል። የስድስቱም ሥራ አልቋል ማለት ይቻላል። የቀራቸው ጨርቅ ብቻ ነው፤ ጨርቁም ባለቤቱ መርጦት፣ ሜትሩ ተለክቶ፣ ተሰፍቶ፣ ታስሮ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ግን አይለብሱም። የአጎቴ ደንብ ነው፤ ባለቤቱ መጥቶ ውስጡን ሳያይ ወንበር አይለብስም። ወጣት ሳለ የተቀጠረበት ቤት ጌታው በውድ ጨርቅ ሥር ገለባና የወረቀት ቁርጥራጭ ያስጠቀጥቀው ነበር። ያን ጊዜ የሠራቸው ወንበሮች ዛሬም በሰው ሳሎን ውስጥ እንዳሉ ሲያስብ ነው መሰለኝ፣ የራሱን ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ለመጣው ሁሉ "ሳይለብስ ይዩት" ይላል። ሰፈሩም ስሙን ትቶ "ሳይለብስ" ብሎ ጠራው። በሩን አንኳኩቶ "ሳይለብስ አለ?" የሚል ሲመጣ ሚስቱ ከውስጥ ሆና "ለብሷል፣ ግቡ" ትላለች። ዋናው መንገድ ላይ ሳለን ደንቡ ለማንም አይከብድም ነበር፤ ሰው ከታክሲ ወርዶ፣ አንገቱን አስግጎ አይቶ፣ እሺ ብሎ ያልፋል። ወደ ግቢው ከገባን ወዲህ ግን መንገዱ ራቀ። አንዴ ወንበሩን ያስገባ ሰው፣ ሞላ ለማየት ብሎ ሁለተኛ መምጣት ታከተው። "እናምንዎታለን፣ ጨርሰው ይላኩልን" ይላሉ በስልክ። እሱ "ስትመጡ" ይላል። እነሱም አይመጡም፣ ወንበሮቹም አይለብሱም።

ሞቱን ለራሱ ያረዳሁት እኔ ነኝ። ትንንሾቹን ሚስማሮች እንደ ልማዱ በከንፈሩ ይዞ ነበር፤ ሲሠራ የሚናገረውን የምንሰማው በሚስማር መካከል ስለሆነ እኛ ቤት ሰው ሁሉ ግማሽ ቃል ይበቃዋል። አንድ በአንድ ወደ መዳፉ ተፋቸው።

"መቼ ነው የሞትኩት?"

"አልጠየቅኩም ጋሼ።"

"መጠየቅ ነበረብሽ። ከሰኞ በፊት ከሆነ የትናንቱን በነጻ ነው የሠራሁት።"

ሴትዮዋም ባለጋሪውም ሳቁ። የአጎቴ ሚስት ግን በሩን ተደግፋ ቆማ አልሳቀችም። እሱም ሳቁ ካለቀ በኋላ መዶሻውን አገላብጦ አገላብጦ፣ የሰው ዕቃ እንደሆነ ሁሉ ሲያየው ቆየ።

ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። ወንበሩ የባለቤታቸው እንደነበር፣ ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት እንደሆነ፣ ከእንግዲህ እሳቸው ሊቀመጡበት እንደፈለጉ ቆመው ተናገሩ፤ ቆመው የተናገሩት መቀመጫው ሁሉ ራቁት ስለሆነ ነው። ግራጫውን ጨርቅ መረጡ። ሜትሩ አራት መቶ ነው ሲባሉ ሦስት መቶ ሃምሳ ያድርጉልኝ አሉ፤ ተደረገላቸው። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ አጎቴ "እንግዲህ ሐሙስ ብቅ ብለው ውስጡን ያዩልኛል" ሲላቸው ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። "ይኼን አየኸው? ከአውቶቡሱ መጨረሻ ነው የመጣሁት። ሁለተኛ አልመጣም ልጄ።"

"ካልመጡማ አልችልም።"

"አምኜሃለሁ አልኩህ እኮ።"

"እርስዎ ያምኑኛል። እኔ ራሴን የማምነው ግን ሰው ሲያየኝ ነው።"

አዋላጇ ወደ እኔ ዞሩ፣ ወደ እሱ ተመለሱ። "ስማኝ፤ እኔ ስንት ልጅ አስወልጄ ለእናቲቱ የማሳየው ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ ነው። አንዷም ቅር ብሏት አያውቅም።" አጎቴ ከልቡ ሳቀ፤ ከደንቡ ግን ንቅንቅ አላለም። ባለጋሪው የወንበሩን ገመድ መልሶ ማጥበቅ ጀመረ። እንግዲህ ይህ ሰባተኛው መሆኑ ነበር፤ ሰባተኛው እንዲያውም ሳይገባ ሊመለስ ነው። ያኔ አንድ ድምፅ "ሳይመጡ ቢያዩትስ?" ሲል ሰማሁ፤ ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ነው የራሴ መሆኑን ያወቅኩት።

ነገሩ ስልኬ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተደብቆ ቆይቷል። ስታቲስቲክስ ተምሬ ተመርቄ፣ ሥራ ስፈልግ ስምንት ወር ሆኖኝ፣ ቀኑ ሲረዝምብኝ ለአጎቴ ድረ ገጽ መሥራት ጀምሬ ነበር። ለማንም አላሳየሁም። ጠዋት ላሳየው አስብና ማታ እተወዋለሁ። አሁን ስልኩን ሰጠሁት። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ የመጀመሪያውን ገጽ ተመለከተ። ነጭ ሶፋ ላይ ጥርሳቸው እንደ ሶፋው የነጣ ባልና ሚስት ተቀምጠው ይስቃሉ፤ ከሥሩ "የላቀ ጥራት፣ ፈጣን አገልግሎት" የሚል አለ። "ይኼ ሶፋ የማን ነው?" አለ።

"የማንም አይደለም ጋሼ። ከኢንተርኔት ነው።"

"የማንም ያልሆነ ሶፋ ምን ያደርግልናል? ፈጣንስ ማን ነው?"

አጥፍቼዋለሁ አልኩት፤ እዚያው ፊቱ አጠፋሁት። ከዚያ የፈለግኩትን እንደምንም አስረዳሁ። ለእያንዳንዱ ወንበር የራሱ ገጽ እንዲኖረው፣ ሲፈታ፣ ሞላው ሲታሰር፣ ስፖንጁ ሲገባ ፎቶ እንዲነሳ፣ ባለቤቱ የትም ሆኖ ከፍቶ እንዲያየው። አዋላጇ የልጅ ልጃቸው የገዛችላቸው ስልክ እንዳላቸው፣ ሰው የሚልክላቸው ፎቶ ግን ስልኩ ሞላ እያለ ስለሚያስቸግራቸው ሁሉንም እንደሚያጠፉ ተናገሩ። ይኼ እርስዎ ስልክ ውስጥ አይገባም፣ እዚያው በቦታው ተቀምጦ እርስዎ ሄደው ነው የሚያዩት አልኳቸው። አጎቴ "ወንበሩን ነገ ለልጃቸው ቢሰጡትስ? ልጃቸውም ያየዋል?" አለ። ያየዋል አልኩት። "ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ሠራተኛ ሊፈታው ቢፈልግ?" እሱም ያየዋል። መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰና ባለጋሪውን "አውርደው" አለው። አዋላጇ የስልክ ቁጥራቸውን አጽፈውኝ ሄዱ።

ወጥ ቤት ስገባ የአጎቴ ሚስት ዳቦውን እየቆረጠች ነበር። እሷ ስትናደድ ድምጿ አይጨምርም፤ ቁርጥራጩ ይቀጥናል። የቤት ዕቃ ነጋዴው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ መልስ ሊቀበል እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ያቀረበው ነገር ግልጽ ነው፤ አጎቴ ግቢውን ዘግቶ እሱ ዘንድ በወር ደመወዝ እንዲቀጠር፣ ጠዋት ገብቶ ማታ እንዲወጣ። መጥፎ ነገር አልነበረም፤ ለዚህ ነው የከበደን። "እኔ ሀብት አላልኩም" አለችኝ በቀስታ። "ግን ስድስት ራቁት ወንበር እያየሁ መንጋት መምሸት ሰለቸኝ። ልብስ የማሰጣበት እንኳ ጠፋ።" እኔ ሰባት ዓመቴ ላይ እናቴን አጥቼ ወደዚህ ቤት ስመጣ ቦታ ጠበበን ሳትል አልጋ ያነጠፈችልኝ እሷ ናት፤ አሁን ስለ ቦታ የመናገር መብት ካላቸው ሰዎች አንደኛዋ ነበረች። አጎቴ በመስኮቱ በኩል ሰምቶ ኖሮ ከውጭ ሆኖ ተናገረ፤ ሚስማር አፉ ውስጥ ስላልነበረ ቃሉ ሙሉ ነበር። "እኚህ እናት ዛሬ አይተው 'አልብሰው' ካሉ፣ ስድስቱንም በዚሁ መንገድ አሳይቼ እጨርሳለሁ። ካላሉ ሰውየውን እሺ እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ አላነሳውም።" ቁርጥራጩ ወፈር አለ።

የድሮውን ጨርቅ ፈታነው። እሱ በጉጠት ሚስማሩን ይነቅላል፣ እኔ ፎቶ አነሳለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ስኖር ወንበር ሲፈታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁልጊዜ ወይ ትምህርት ቤት ነኝ፣ ወይ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ፤ የደብተሬና የጫማዬ ገንዘብ ከዚህ ሥራ እንደሚወጣ እያወቅኩ እጁን ግን አላየሁትም ነበር። ሞላዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ተጭኖ ይለቃቸዋል፤ ጆሮውን ጣል አድርጎ የሚሰማ ይመስላል፤ ደህናውን ይተወዋል፣ የደከመውን ያወጣዋል። ከዚያ በሲባጎ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያስራቸዋል። ቋጠሮው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የምረቃዬ ዕለት ከሥራ በቀጥታ መጥቶ አብሮኝ በተነሳው ፎቶ ላይ አፉ የተዘጋው ሚስማር በከንፈሩ ረስቶ ነው እያልን እንስቅ ነበር፤ ቋጠሮዎቹን ስቆጥር ግን ያ ሳቅ አልመጣልኝም። ማመስገን ፈልጌ ነበር። እንዴት ተብሎ እንደሚጀመር አላወቅኩምና "ጋሼ፣ እጅህን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ጥላ ሆነ" አልኩት።

የኋላውን ቀኝ እግር ሲነካው እጁ ቆመ። ከመገጣጠሚያው በላይ እንጨቱ ተሰንጥቋል፤ ከጨርቁ በታች ስለነበረ ማንም አላየውም። "አንሺው" አለ። ሲጠገን ላንሳው አልኩ። "አሁን አንሺው፣ ሲጠገንም አንሺው።" ኮላ ቀብቶ፣ በእንጨት ችንካር ይዞ፣ በሞርሳ አጥብቆ አሰረው። ኮላው እስኪይዝ ድረስ የሚጻፈውን እየነገረኝ ጻፍኩ። ሞላ ስምንት፤ ስድስቱ የነበሩ፣ ሁለቱ አዲስ። ጆንያው ተቀይሯል። ስፖንጁ አዲስ ነው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ መርገብ ይጀምራል። እዚህ ላይ ጣቴን አቆምኩና "ጋሼ፣ ይረግባል ብለን እንጽፋለን እንዴ?" አልኩት። "አይረግብም እንዴ?" አለኝ። ጻፍኩት። የኋላ ቀኝ እግር ተሰንጥቆ ነበር፤ ተጠግኗል፤ ማንም አይቆምበት። ይኼም ተጻፈ። "የላቀ ጥራት" የሚለውን ቦታ ምን እንተካበት ስለው ብዙ አሰበና "ግቢው የት እንደሆነ ጻፊበት። በማተሚያ ቤቱ ጀርባ በይ" አለ።

ምሳ ላይ ታክሲ የሚነዳው የአጎቴ ልጅ መጣ። ሩዙን ሳይቀመጥ እየጎረሰ የተፈታውን ወንበር፣ ስልኬን፣ የእናቱን ፊት በየተራ አየ። ለአባቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የከፈተለት እሱ ነው፤ ሁለት ሺህ ተከታይ አለው፤ ግን የራሱን ቀልዶችም እዚያው ስለሚለጥፍ የተሰበሰበው ሰው ወንበር ፈልጎ አይደለም። የተጻፈው ስልክ ቁጥርም የራሱ ነው፣ እሱ ደግሞ መሪ ይዞ ስለሚውል አያነሳም።

"ዌብሳይት ለባንክ ነው" አለ። "ለሰባት ወንበር ዌብሳይት! ዓሣ ለማጥመድ መርከብ እንደመግዛት ነው።"

"ያንተ ሁለት ሺህ ሰው ስንት ወንበር አመጣ?" አለች እናቱ።

"እነሱማ ለኔ ነው የሚመጡት።"

"እኛም እሱን ነው ያልነው።"

ልጁ ግን ክፉ አልነበረም፤ ሊወጣ ሲል ስልኬን ተቀብሎ ወደ ታች ወደ ላይ አደረገውና "ቢያንስ ከስንጥቁ ፎቶ በፊት የሚያምረውን አስቀድሚ" አለኝ። አባቱ ከጣሪያው ሥር ሆኖ በሚስማር መካከል የሆነ ነገር አለ። "ምን አለ?" ሲለኝ "እንዳለ ይሁን ነው የሚለው" አልኩት። ትከሻውን ሰብቆ ሄደ።

ገጹን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስኩት። አሥራ አራት ፎቶ፣ ከሥር የአጎቴ ቃላት፣ ከላይ ስልኩና የግቢው መንገድ። ሊንኩን ወደ አዋላጇ ላክሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ አልተከፈተም። ምናልባት አውቶቡስ ላይ ናቸው ተባባልን። ዘጠኝ ተኩል ላይ የአጎቴ ሚስት ምንም ሳትል ለእንግዳው መቀመጫ የሚሆን ከቤት በርጩማ አውጥታ አስቀመጠች። አጎቴ የሞርሳውን እጀታ ነካ ነካ ያደርጋል፤ መነካት አያስፈልገውም ነበር። እኔ ስልኬን በየደቂቃው እየከፈትኩ አያለሁ፤ አንዴ ባዶ እጄን አንስቼ አይቼዋለሁ።

ነጋዴው በሰዓቱ መጣ። ወጣት ነው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ከበር ጀምሮ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ዓይነት። አጎቴ እጁን ጨብጦት "ለለቅሶ ነው የመጣኸው?" አለው። ነጋዴው ነገሩን አያውቅም ነበር፤ ስንነግረው ፊቱ ደም መሰለ፣ ሠራተኛው ያደረገው እንደሆነ፣ እንደሚቀጣው ማለ። በርጩማው ላይ ተቀምጦም ያቀረበውን ደገመው፤ ብርሃን ያለበት ክፍል፣ ሁለት ረዳት፣ ዝናብ የማይገባበት ጣሪያ። በቅንነት ነበር የሚናገረው። "እኔ ዘንድ ማንም መጥቶ ውስጡን ልይ ብሎ አያስቸግርዎትም" ሲል አጎቴ ራሱን ነቀነቀ፤ መስማማቱ ይሁን ሌላ አልታወቀኝም። አጎቴ ሚስቱን አየ። እሷ መሬቱን አየች። መልስ ሊሰጥ ጉሮሮውን ሲጠርግ የኔ ስልክ ጮኸ።

አጎቴ አንድ ጆሮው ስለሚያስቸግረው ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠሁት። "የሞተው ሰውዬ ነህ?" አሉ አዋላጇ፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ።

"ነኝ እማማ።"

"አየሁት። ሦስት ጊዜ አየሁት፣ መጀመሪያ መነጽሬ ጠፍቶኝ ነው እንጂ። 'ማንም አይቆምበት' ብለህ የጻፍከው ለኔ ነው?"

"ኧረ አይደለም። ለማንም ነው።"

"እኔ ነኝ የቆምኩበት" አሉ ቀስ ብለው። "አምፖል ልቀይር። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ባሌ ሥራ ላይ ነበር፤ አልነገርኩትም። ስንት ዓመት ያን ወንበር ሲቀመጥበት 'ያዘነብላል፣ ያዘነብላል' እያለ እኔ 'አንተ ነህ የምታዘነብለው' ስለው ኖርኩ።" አጎቴ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። ፎቶው እንዲወጣ ከፈለጉ ልጅቷ አሁኑኑ ታጠፋዋለች አላቸው። "ተወው" አሉ። "ልጆቹም አይተውታል፣ ልኬላቸዋለሁ። ሲስቁብኝ ነው የቆዩት። ይታይ። ይኸው አንዱ እንኳ እውነቱን ጻፈልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አልብሰው።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነጋዴው ገጹን እንዳሳየው ጠየቀኝ። ለረጅም ጊዜ አየው። "ይኼን ማንም ሰው ማየት ይችላል?" አለ። ይችላል አልኩት። "ስንጥቁንም? ይረግባል የሚለውንም?" አዎ። ስልኬን መለሰልኝና አጎቴን፣ የታመመ ዘመድ እንደሚያይ አድርጎ ተመለከተው። አጎቴ ከበርጩማው ፊት ቆሞ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ዘረጋለት። "ስላሰብክልኝ አመሰግንሃለሁ፤ ከልቤ ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል መጥተህ የጠየቅከኝ አንተ ነህ። አንተ ዘንድ የምሠራውን ግን ሳይለብስ የሚያየው የለም። እሱን አልችልበትም።" ነጋዴው አልተቆጣም። በሩ ጋ ሲደርስ አጎቴ ተከትሎት "ሠራተኛህን አትቅጣው" አለው፤ "መኖሬን ብቻ ንገረው።"

በሩ ተዘጋ። አጎቴ እጅጌውን ጠቀለለ። ስድስቱን ወንበሮች አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ አወጣቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ አቧራቸውን ጠረገ፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዞረ፣ ከዚያ ጎን ቆሞ ጠበቀኝ። ፎቶ እስካነሳ ነበር የሚጠብቀው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ምስጋና ተቀብዬ አላውቅም፤ እኔም መልሱን በአፌ አልሰጠሁም፣ ተንበርክኬ ከሞላው ጀመርኩ።

አምስተኛው ላይ ስደርስ የአጎቴ ሚስት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና ስልኩን እንድሰጣት እጇን ዘረጋች። የአዋላጇን ገጽ ከፈትኩላት። ወንበሩ ራሱ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል፤ እሷ ግን ቆማ ስልኩን ነው የምታየው፣ በአንድ ጣቷ ቀስ እያደረገች፣ ከፎቶ ወደ ፎቶ። ሲባጎው ላይ ቆየች። ቋጠሮዎቹን አቅርባ አየች። ስለ ስፖንጁ የተጻፈውን ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበች። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ኖረዋል፤ ጨርቅ ስትሰፋለት፣ አቧራውን ስትጠርግለት፣ ምሳውን ስታቀርብለት። ቀና ብላ አየችው።

"እንዲህ ነው እንዴ የምትሠራው?"

አጎቴ እጁን የሚያደርግበት አጣ። መዶሻውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። አፉ ውስጥ ሚስማር አልነበረም፤ ቃሉ ግን ሚስማሩ ያለ ይመስል ተሰባብሮ ነው የወጣው። ጎኗ መጥቶ ቆመና በስልኩ ላይ ጎንበስ አለ።

"ወደ ታች ግፊው" አላት። "ገና አለ።"